የስድስት ጉድጓድ ሙግት

በዚህ አገር ተሟጋች የሌለበት አጥቢያ ካለ ንገሩኝና ዛሬውኑ ጓዜን ጠቅልዬ ልግባበት። ሰውየውን ታውቁታላችሁ። "እንዴት አደርክ?" ስትሉት "ማደሬን በምን አወቅህ?" ይላል። ዝናብ እየደበደበው አልዘነበም ብሎ ይከራከራል፤ ሲያባራ ደግሞ ለምን አባራ ብሎ ይከስሳል። ለእናንተ የደረሳችሁ በእርሻ ወሰን ወይም በሰርግ ቤት ይሆናል። ለእኔ ለምስኪኑ በጨዋታ ሜዳ ላይ ደረሰኝ። ክቡር አቶ አዝመራው ይባላሉ። "ክቡር" የምትለዋን የጨመርኩት እኔ ነኝ፤ ስድስት ዓመት እኔን ላቃጠለ ሰው ታንሳለች እንጂ አትበዛም።

ነገሩ እንዲህ ነው። መንገድ ሊቀይስ እንጅባራ የመጣ አንድ ፈረንጅ መሐንዲስ፣ ጥርባ ከሚባለው ሐይቅ አፋፍ ላይ ካለው ግጦሽ ስድስት ትንንሽ ጉድጓዶች ቆፍሮ ጎልፍ የሚሉትን ጨዋታ ይጫወት ነበር። በ1954 ዓ.ም. ሥራውን ጨርሶ ሲሄድ ዱላዎቹንና ኳሶቹን "ለሕዝቡ" ብሎ ትቶልን ሄደ። ሕዝቡ ማለት የትምህርት ቤት አስተማሪው እኔና ባለ ፈረሱ ገበሬ አቶ አዝመራው ሆንን። አገሬው "የፈረንጅ ገና" ይለዋል። ከልካይ የለው፣ ክፍያ የለው፤ ሣሩን የሚያሳጥሩት ላሞች ናቸው። ስድስቱም ጉድጓዶች ውስጥ ኳሱን ባነሰ ምት ያስገባ አሸነፈ። በቃ፣ ሕጉ ይኸው ነው።

ሜዳው ደግሞ ማማሩ! በቀኝ ጉሬዛ የሚዘልበት ጫካ፣ በግራ ገደል፣ ከገደሉ ሥር ጭልም ያለ ሐይቅ። ሦስተኛዋ ጉድጓድ አፋፉ ጫፍ ላይ ናት፤ ትንሽ ካጠነከራችሁ ኳሳችሁን ሐይቁ ይውጣታል፣ ትንሽ ካላላችሁ ነፋሱ መልሶ እግራችሁ ሥር ይጥላታል። እዚያ ስቆም እንባዬ ይመጣል። ግማሹ ስለ ውበቱ ነው፣ ግማሹ ስለ አቶ አዝመራው።

ገና መትቼ ሁለት እርምጃ ሳልሄድ፣ "በንጉሥ አምላክ! ቁም!" ይሉኛል። በንጉሥ አምላክ ተብሎ ማን ይራመዳል? እቆማለሁ።

"ኳሷን በእግርህ ገፍተሃል።"

"ኧረ አልገፋሁም ጋሼ!"

"ምስክር ይጠራ!"

ምስክር ሁልጊዜ አንድ ናት፤ ለጥጃዋ ሣር የምታጭደው ደጊቱ። ደጊቱ አማርኛ አትናገርም። እኔም ከአገውኛ ሰላምታ አላልፍም። አስተርጓሚው ማን ይሁን? አቶ አዝመራው! ደጊቱ ከማጭዷ ቀና ሳትል ሁለት ቃል ጣል ታደርጋለች፤ እሳቸው ጋቢያቸውን አስተካክለው ይጀምራሉ።

"'የአስተማሪው እግር፣ የቀኙ እንጂ የግራው አይደለም፣ ኳሷን ወደፊት ሲገፋት በዓይኔ በብረቱ አይቻለሁ' ትላለች።"

"ይህን ሁሉ በሁለት ቃል?"

"አገውኛ ቁጥብ ቋንቋ ነው፣ ልጄ።"

አንድ ቀን የገዛ ፈረሳቸው የእሳቸውን ኳስ በኮቴው ጠልዞ ከጉድጓዷ አፍ አደረሳት። "ፈረሱ ነው የመታት፣ ትመለስ!" ብዬ ጮህኩ። "ፈረስና ጌታው አንድ ናቸው፤ እዚህ ተወልደህ ቢሆን ይህ አይጠፋህም ነበር" አሉኝ። በሳምንቱ ያው ፈረስ ኳሳቸውን ገደል ከተታት። "እንስሳ ላጠፋው ሰው አይጠየቅም!" አሉ። እግዚኦ! ደሜ ፈልቶ ሦስት ሽማግሌዎች አስቀመጥኩ። ሽማግሌዎቹ ያቀረብኩትን ጠላ ጨርሰው፣ ነገሩ ይጣራ ብለው ለሌላ ቀን ቀጠሩን። ቀጠሮው ሳይደርስ ክረምት ገባ።

ክረምት ሲገባ ሜዳው ጭቃ ነው። በጥቅምት ከአንደኛዋ ጉድጓድ እንደገና እንጀምራለን። ስድስት ዓመት ሙሉ አንድ ጨዋታ፣ አንዲት እንኳ፣ ጨርሰን አናውቅም። ሰው በዕድሜው አንድ ነገር ጀምሮ መጨረስ፣ አንዴ እንኳ "አሸነፍክ" መባል አያምረውም? እኔን አምሮኝ አንጀቴ አረረ።

በግንቦት መጨረሻ የዝውውር ደብዳቤ ደረሰኝ፤ ጎሬ ነው። ለአቶ አዝመራው አሳየኋቸው። ገልብጠው ገላብጠው አዩት።

"ማኅተሙ በደንብ አይነበብም። ይግባኝ በልበት።"

"አይሆንም ጋሼ። ቅዳሜ የመጨረሻዬ ነው። አንድ ጨዋታ ብቻ ጨርሼ ልሂድ።"

ደብዳቤውን አጥፈው መለሱልኝ።

ቅዳሜ ገጠምን። በአንደኛዋ ጉድጓድ ኳሴ እበት ላይ አረፈች፤ አንስቼ ጠረግኋት። ሌላ ጊዜ ቢሆን የላሟ ባለቤት ይጠራ ነበር። "ይሁን" አሉ። በሦስተኛዋ ነፋስ ረዳኝ። "ይሁን።" በአራተኛዋ በእውነት በእግሬ ነካኋት፤ እያዩኝ! "ይሁን።" ጭንቅ ያዘኝ።

"አሞዎታል እንዴ ጋሼ?"

"ደህና ነኝ። ምታ።"

ስድስተኛዋ ላይ እኩል ደረስን። እሳቸው ሳቱ። እኔ መታሁ፤ ኳሷ ተንከባለለች፣ አፉ ላይ አመነታች፣ ገባች። ዓይኔን ጨፍኜ ጠበቅሁ። የሚጮህ የለም። ስገልጥ ባርኔጣቸውን አውልቀዋል።

"አሸነፍክ፣ ልጄ። መንገድህን ጨርቅ ያርግልህ።"

ስድስት ዓመት የለመንኩት ቃል እኮ ነው! አሁን ሲሰጠኝ ግን አለቀ፣ ሂድ የተባልኩ መሰለኝ። እሳቸው ዱላቸውን ብብታቸው ሥር ሸጉጠው ወደ ፈረሳቸው ዞሩ።

"በንጉሥ አምላክ! ይቁሙ!"

የጮህኩት እኔ ነኝ። ቆሙ።

"ኳሷ አልገባችም" አልኩ።

"ይኸው ትታያለች እንጂ! ምን ነካህ?"

"ምስክር ይጠራ!"

ደጊቱ መጣች። ጎንበስ ብላ ኳሷን ከጉድጓዷ አወጣች፤ በመዳፏ ይዛ ለሁለታችንም አሳየችን፤ እንደ ልማዷ ሁለት ቃል ተናገረች።

"ምን አለች?"

አቶ አዝመራው ወደ ሐይቁ ዞረው ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ሲመለሱ ዓይናቸው ቀልቷል።

"'ምንም አላየሁም' ትላለች። 'አስተማሪው በጥቅምት ሲመጣ በሱ ፊት እመሰክራለሁ' ትላለች።"

"ይህን ሁሉ በሁለት ቃል?"

"አገውኛ ቁጥብ ቋንቋ ነው፣ ልጄ። ለጥቅምት ተቀጥረሃል። ላለመቅረትህ ዋስ ጥራ።"

በዚያ አገር ከእሳቸው በቀር ማን አለኝ? "እርስዎ ይዋሱኝ" አልኳቸው።

ባለጋራ ለባለጋራው ዋስ ሆኖ አያውቅም። አቶ አዝመራው ግን ሆኑ።