ጠጠር የቀመሱት ተወካያችን

ከቦንጋ ወደ ማንኪራ በሚወስደው አዲስ መንገድ መግቢያ ላይ ሹማምንቱ በድንኳን ጥላ ሥር ቆመዋል፤ መንገዱን የሠራው ተቋራጭ ሪባኑ አጠገብ፣ እኛ ፀሐይ ላይ። መሃል ላይ መቀስ የያዙት ጋሽ ወልዴ ናቸው፤ ትናንት ቡና ነጋዴ፣ ዛሬ የፓርላማ ተወካያችን።

ነጋዴ ፓርላማ ሲገባ ምኑ ይቀየራል? ሱፍ ይለብሳል ትሉ ይሆናል። ለብሰዋል። እጃቸው ግን የድሮው እጅ ነው። ቡና ሲገዙ ከላይ ያለውን አያምኑም፤ እጃቸውን እስከ ክርናቸው ጆንያው ውስጥ ይሰዱና ከሥር ያወጡትን ፍሬ ነክሰው ድርቀቱን ያያሉ።

እኔ ለሪባኑ አልመጣሁም። ማንኪራ ያለችው ልጄ ክረምት ላይ ትወልዳለች፤ መኪና ካልገባ የምትወጣው በቃሬዛ ነው።

ጋሽ ወልዴ ሪባኑን ሊቆርጡ ሲሉ ጎንበስ አሉ። የመንገዱን ጠጠር በእጃቸው ቆፍረው ከሥር አንዷን አወጡና፣ እግዜር ያሳያችሁ፣ ነከሷት! የአገር ሕግ የሚያወጣ ሰው ባደባባይ ድንጋይ ሲነክስ አይታችሁ ታውቃላችሁ? ጭብጨባው ቀጥ አለ።

ጠጠሯ እንደ ደረቅ ዳቦ ፈረሰች።

«ጋሽዬ፣ ቡና መሰለዎት እንዴ?» አለ ተቋራጩ እየሳቀ።

«ቡና ቢሆን አልገዛውም ነበር። ይሄ አፈር ነው ልጄ፤ በመጀመሪያው ዝናብ ጭቃ ይሆናል።»

«ታዲያ ሪባኑስ?»

«ክረምት ሳይገባ ድንጋይ አምጣ፤ ያን ጊዜ እቆርጠዋለሁ።»

መቀሱን የሱፋቸው ኪስ ውስጥ ከተቱት።

እኔም ከሪባኑ ሥር ጎንበስ ብዬ አልፌ ወደ ልጄ ቤት ሄድኩ።