እግር ያልነካው ጎዳና

ስሟን ብጽፍ ሦስት አራት ከተሞች «እኛን ማለቱ ነው» ብለው ይከሱኛልና፣ ስሟን ትቼ ነገሯን ብቻ የምተርክላችሁ አንዲት ከተማ ነበረች። ከተማይቱ በኮረብታ ላይ የተቀመጠች፣ ውሃዋ የጣመ፣ ሕዝቧ ጨዋ፣ ሹማምንቷም ከሕዝቡ ይልቅ ጨዋ ነበሩ። አንድ ጉድለት ብቻ ነበረባት፤ ትሸት ነበር። ክረምት ቦዩ ሞልቶ ሲፈስ፣ በጋ ደግሞ ተኝቶ ሲፈላ፣ ከሩቅ የሚመጣ ነጋዴ ገና የቤቶቹን ጣሪያ ሳያይ መድረሱን በአፍንጫው ያውቅ ነበር ይባላል።

ስለዚህ ነገር ሹማምንቱ ዝም ብለው ተቀመጡ የሚል ቢኖር ሐሰተኛ ነው። ለዚሁ ጉዳይ ብቻ የተሾሙ፣ ማዕረጋቸው «ሊቀ አፍንጫ» የተባለ አንድ ታላቅ ሰው ነበሩ። ሊቀ አፍንጫ በየማለዳው ነጭ መሐረብ ይዘው ወደ ማዘጋጃ ቤቱ ሰገነት ይወጣሉ፤ መሐረቡን አፍንጫቸው ላይ አድርገው ወደ አራቱም ማዕዘን እየዞሩ ይስባሉ፤ ከዚያም የዕለቱን የጎዳናዎች ሽታ መዝግበው ያሳውጃሉ። በመዝገባቸው የተፈቀዱት ሽታዎች «መልካም» እና «እጅግ መልካም» የተባሉት ሁለቱ ብቻ ነበሩ። ሃያ ሁለት ዓመት ሲያገለግሉ አንድም ቀን ተሳስተው አያውቁም። መሐረቡ በሽቶ የተነከረ መሆኑንም ከሚስታቸውና ከከተማው ሕዝብ በቀር የሚያውቅ አልነበረም።

በሹመታቸው በሃያ ሦስተኛው ዓመት አንድ የጎረቤት አገር መልእክተኛ በአደባባይ ስለ ወዳጅነት ሲናገር፣ ነፋስ ከቦዩ በኩል መጣና ንግግሩን ሳይጨርስ አስመለሰው። ከንቲባውም ተቆጥተው ጉባኤ ጠሩ፤ «ከተማይቱን ያለ ወጪ የሚያጸዳ ብልሃት አምጡ!» ብለው አዘዙ። አንዱ ሹም ሕዝቡ በአፉ ብቻ ይተንፍስ አለ። ሌላው ጥፋቱ የነፋሱ ነውና ነፋሱ በሌላ በኩል ይዙር አለ። ሦስተኛው ደግሞ ቦዩን «ምንጭ» ብለን ብንጠራው ነገሩ ሁሉ ያልቅ ነበር አለ። ሦስቱም አሳብ ይጠና ተብሎ ኮሚቴ ተቋቋመ። ኮሚቴው አዳራሽ ተሰጠው፤ አዳራሹ መስኮት ነበረው፤ በመስኮቱ ሽታው ገባ፤ ኮሚቴውም ተበተነ።

በዚያው ወራት በከተማይቱ የታችኛው ሰፈር፣ ሸክላ ተራ በምትባል ቀጭን መንገድ ላይ፣ ወይዘሮ ደብሪቱ የምትባል ጎመንና ቲማቲም ቸርቻሪ ነበረች። ጉሊቷ የቦዩ አፍ ላይ ነው። ገዥ ይመጣል፤ ጎመኑን በዓይኑ ይወዳል፤ ጎንበስ ሲል አፍንጫውን ይዞ ይሸሻል። የቀረውን ጎመን ራሷ እየበላች ብዙ ሰነበተች። ከዚያች ጉሊት ሌላ መተዳደሪያ አልነበራትምና አንድ ጠዋት ተነሥታ በጎረቤቶቿ ላይ ጮኸች።

«እናንተ ሰዎች! አፍንጫችሁን መያዙን ተዉትና መጥረጊያ ያዙ! ይሄ ሽታ ካልሄደ እኔ ነኝ የምሄደው፤ መሄጃ ደግሞ የለኝም!»

ሰው አፈረና ወጣ። መጀመሪያ ቦዩን በአካፋ ከፈቱት፤ ውሃው እንዳይተኛም መሬቱን ቁልቁል አደረጉት። ከዚያ በኋላ ልጣጭና የምግብ ትራፊ የሚጣልበት ጉድጓድ በየጓሮው ተቆፈረ፤ በላዩም አፈርና የደረቀ ቅጠል ይነሰነሳል። ጣሳውንና ፕላስቲኩን ቆራሌው ደስ ብሎት ወሰደው። ከምድጃ የሚወጣው አመድ፣ ድሮ ራሱ ቆሻሻ የነበረው፣ በቦዩ ዳርና በሽንት ቤቱ ላይ ይበተን ጀመር። ሁሉም በየማለዳው አቧራው እንዳይነሣ ውሃ ረጨት እያደረገ ደጁን ይጠርጋል። ለዓይንም ለአፍንጫም ብላ ደብሪቱ የቦዩን ዳር ጠጅ ሳር ተከለችበት። ወር ሳይሞላ ሽታው ጠፋ፤ ጎመኗም ከረፋዱ በፊት ያልቅ ጀመር። ይህን ያህል ነው፤ ሌላ ምስጢር የለውም። እኔም ይህን ስጽፍ፣ ለዚህ ነው እንዴ ሃያ ሦስት ዓመት የተንገላታነው ብዬ እናደዳለሁ።

ወሬው ሊቀ አፍንጫ ዘንድ ደረሰ። እሳቸውም ከአጀባቸው ጋር ወደ ሸክላ ተራ ወረዱ፤ በሹመት ዘመናቸው ለመጀመሪያ ጊዜም መሐረባቸውን ኪሳቸው ከተው ሳቡ። ደግመው ሳቡ። ፊታቸው ተለወጠ።

«አንቺ ሴት፣ ይህ መንገድ ምን ምን ይላል?»

«ምንም ምን አይልም፣ ጌታዬ።»

«ምንም የሚባል ሽታ በመዝገባችን የለም።»

«ታዲያ ይጻፉታ።»

«ጥናቱን ማን ሠራው?»

«ምኑ ይጠናል ጌታዬ? ቆሻሻ ነው እኮ፤ ጠረግነው።»

«ባለሙያ ሳይመጣ?»

«ሲመጣ ይሸተዋል ብለን ቀድመን ጠረግነው።»

ሊቀ አፍንጫ ፈሩ። መንገድ ሁሉ ምንም ምን የማይል ከሆነ፣ በየማለዳው ሰገነት ላይ የሚወጣ ሰው ምን ያደርጋል? በዚያው ዕለት ወደ ጉባኤው ሮጡና ነገሩን እንዲህ አድርገው አቀረቡት።

«ክቡር ከንቲባ፣ አንድ ንጹሕ መንገድ አግኝተናል። አሁን ጥያቄው ይህ ንጽሕና እንዴት ይጠበቅ ነው። መንገድን የሚያቆሽሸው ምንድን ነው?»

«ሰው ነዋ» አሉ ከንቲባው።

«ሰው ባይረግጠውስ?»

«አይቆሽሽም።»

«ስንት ዘመን?»

ከንቲባው ጥቂት አሰቡና «ለዘላለም!» ብለው ከወንበራቸው ተነሡ። «ወጪውስ?»

«አንድ ገመድ፣ ጌታዬ።»

ከንቲባው በደስታ አለቀሱ። ከተማይቱን ከዚህ ባነሰ ወጪ ያጸዳ ገዥ በታሪክ አልተሰማም! በማግስቱ ሸክላ ተራ «አርአያ ጎዳና» ተብሎ ተሰየመ፤ ከዳር እስከ ዳርም በገመድ ታጠረ። ሁለት ዘበኞች ቆሙበት፤ እነርሱም እንዳይረግጡት ከገመዱ ውጭ ነው የቆሙት። ዶሮን ሲያታልሏት በመጫኛ ጣሏት እንዲሉ፣ ለደብሪቱም ሹማምንቱ ራሳቸው መጥተው የምሥራቹን ነገሯት።

«ከዛሬ ጀምሮ የአርአያ ጎዳናው የክብር መሥራች ነሽ።»

«እግዜር ይስጥልኝ። ጉሊቴስ?»

«ጉሊት መንገድ ያቆሽሻል።»

«ገዥዎቼስ በየት ይምጡ?»

«መንገዱን ሳይነኩ ይምጡ።»

«መሥራችነት ጎመን ይሸጣል እንዴ ጌታዬ?»

ይህ ጥያቄ ለሚቀጥለው ጉባኤ ተላለፈ። መንገዱን ሳይነኩ መምጫው ቦዩ ብቻ ነበርና ደብሪቱ ጎመኗን ተሸክማ ቦዩ ውስጥ ወረደች። ገዥም ሱሪውን ሰብስቦ በቦዩ መጣ። አርአያ ጎዳናውን ሊጎበኝ ከየሰፈሩ የሚላከው ቡድን ደግሞ ምሳውን ይዞ ይመጣል፤ ገመዱ ዳር ቆሞ ይበላል፣ ያደንቃል። አጥንቱንና ልጣጩን መንገድ ላይ መጣል በጥብቅ የተከለከለ ስለሆነ፣ ሁሉም በጨዋ ደንብ ወደ ቦዩ ይጥለዋል። ጠጅ ሳሩ በሳምንቱ ደረቀ። የአባይን ልጅ ውሃ ጠማው እንደሚባለው፣ መንገዱን ያጸዳችው ሴት በከተማይቱ ከሁሉ የባሰው ስፍራ ላይ ተቀምጣ ዝንብ ታባርር ጀመር።

ነገሩ እጅግ የሰመረ በመሆኑ ለሌሎቹም ጎዳናዎች እንዲዳረስ ተወሰነ። ሕዝቡ በአንድ ቀን ዘመቻ ከተማውን ሁሉ ጠረገ፤ አመሻሹ ላይ እየዘፈነ ወደ ቤቱ ሊገባ ሲል ገመድ ተዘርግቶ ጠበቀው። ከዚያን ዕለት ወዲህ የዚያች ከተማ ሰው ሁሉ በቦይ የሚሄድ ሆነ። ጸሐፊው በቦይ ወደ ቢሮው ይገባል። ሙሽራ ቀሚሷን እስከ ጉልበቷ ሰብስባ በሚዜዎቿ ተደግፋ በቦይ ትሄዳለች። ለቅሶ ደራሽም በቦይ ሄዶ በቦይ ይመለሳል፤ በእውነት ሐዘኑ እጥፍ ነበር። ሽታው ከበፊቱ ብሶ ነበር የሚሉ ክፉ አፎች አልጠፉም። ነገር ግን ሊቀ አፍንጫ እንዳስረዱት፣ የሚሸተው ቦዩ ነው፤ ቦይ ደግሞ በሕግ ጎዳና አይደለም። ጎዳናዎቹ እንደ መስተዋት ያበሩ ነበር፤ ይህን ማንም ሊክድ አይችልም።

በዓመቱ የጽዳት ቀን ተከበረ፤ ለወይዘሮ ደብሪቱም የወርቅ ሜዳሊያ ይሰጣት ተባለ። እርሷም ለሳምንት ያህል አልተኛችም። ሜዳሊያውን ሲሰጧት ከንቲባውን በአደባባይ አንድ ነገር ብቻ ልትለምናቸው አስባ ነበር፤ ገመዱ ለአንድ ክንድ ያህል ተፈትቶ ጉሊቷ ወደ ቦታዋ እንድትመለስ። ልመናዋን ስትለማመድ ሰነበተች። በዕለቱም ነጠላዋን አጥባ ለበሰች፤ አዲስ ጫማዋን በፌስታል ይዛ ቦዩ ውስጥ ወረደች። ሁለት ሰዓት ሙሉ እየተጎተተች ከአዳራሹ በር ደረሰች። እዚያም አንድ ዘበኛ አስቆማት።

«እትዬ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ይሸታሉ።»

«በቦይ መጥቼ እኮ ነው፣ ልጄ።»

«ምነው በመንገድ ቢመጡ?»

«መንገድ ላይ መሄድ ይቻላል እንዴ?»

«ኧረ ክልክል ነው! ያስቀጣል።»

«ታዲያ በምን ልምጣ?»

ዘበኛው አሰበ። ክፉ ሰው አልነበረም። «እሱን እንኳ አላውቅም፣ እትዬ። ብቻ ዛሬ የጽዳት ቀን ስለሆነ የሚሸት ሰው እንዳይገባ ተብሏል፤ ተጋባዦቹ እንኳ ትናንት ገብተው፣ ታጥበው ነው ያደሩት። ለመሆኑ ማን ልበል?»

«ደብሪቱ።»

«የሸክላ ተራዋ? ተሸላሚዋ?» ዘበኛው ቆቡን አወለቀ። «እንኳን ደስ ያለዎት! ግን መግባት አይችሉም።»

ከውስጥ በድምፅ ማጉያ ስሟ ተጠራ። ደብሪቱ «አቤት!» አለች፤ ከዘበኛው በቀር የሰማት የለም። ሁለተኛ ተጠራች፤ ሦስተኛም ተጠራች። ከዚያም ሊቀ አፍንጫ ከመቀመጫቸው ተነሥተው ሜዳሊያውን ስለ እርሷ ተቀበሉ፤ ሕዝቡ እንዲያየውም ደረታቸው ላይ አደረጉት። «ይህች ሴት» አሉ በተሰበረ ድምፅ፣ «ትሕትናዋ ከአገልግሎቷ ይበልጣል። ሽልማቷን ለመቀበል እንኳ አልመጣችም። ለራሷ አንዳች ነገር ለምና የማታውቅ ሴት ናት!»

አዳራሹ በጭብጨባ ተናወጠ። በሩ ላይ ያለው ዘበኛም ዱላውን ብብቱ ሥር ሸጉጦ አጨበጨበ፤ ዓይኖቹ እንባ አቅርረው ነበር። ወደ ደብሪቱ ዞር ሲል እጇ ፌስታሉን እንደያዘ ቆማ አያትና፣ በአክብሮት ጎንበስ ብሎ ጫማዋን ተቀበላት።

«ኧረ ያጨብጭቡ እንጂ እትዬ» አላት። «እርስዎን እኮ ነው የሚያመሰግኑት።»

ደብሪቱም አጨበጨበች።