ወደ ዋተር ፓርክ፣ በለቅሶ በኩል

እኛ ኦሮራ የምንኖር ሐበሾች ከሥራ የምንቀርባቸው ምክንያቶች ሦስት ናቸው፤ ሠርግ፣ ክርስትና እና ለቅሶ። አራተኛ የለም። ሕመም እንኳ አልጋ ላይ ካልጣለን በቀር አይቆጠርም። «ለምን ትሄዳለህ?» ሲባል «እንዲሁ ልዝናና» ብሎ የመለሰ ሰው እስካሁን አላጋጠመኝም፤ እናንተ ካጋጠማችሁ ንገሩኝና ሄጄ ልጨብጠው። ሊዝናና የሚሄድ ሰው ሁሉ አንድ ሰበብ ያዘጋጃል። ልጆቹ አስቸግረውት ነው፣ ሐኪም አየር ለውጥ ብሎት ነው፣ የዓመት ፈቃዱ ሊቃጠልበት ሆኖ ነው። ደስታ በእኛ ዘንድ መልስ የሚጠየቅበት ነገር ነው። ሐዘንን ግን ማንም «ለምን?» አይለውም። ሐዘንተኛን አለቃ ፈቃድ ይሰጠዋል፣ ጎረቤት ሻንጣ ያወርድለታል። ይህን ከሰው ሰምቼ አይደለም የምነግራችሁ። ራሴ አድርጌው ነው፤ ሳስታውሰው ዛሬም ፊቴ እስከ ጆሮዬ ድረስ ይግላል።

ነገሩ የሆነው ሞባይል ስልክ ገና ተከፍቶ በሚታጠፍበት ዘመን ነው። ያኔ ከዴንቨር ኤርፖርት ወደ ሆቴሎች መንገደኛ የሚያመላልስ ቫን እነዳ ነበር። ባለቤቴ ሰብለ አረጋውያን መጦሪያ ትሠራለች። ከልጆቻችን ሜሮን አሥራ አንድ፣ ናቲ ሰባት ዓመቱ ነበር። ኮሎራዶ ደግሞ እንደምታውቁት ተራራ እንጂ ባሕር አልተሰጣትም። አንድ ቀን ናቲ ትምህርት ቤት «ባሕር ሳሉ» ተብለው ዙሪያውን ታጥሮ «መዋኘት ክልክል ነው» የሚል ሰሌዳ የተተከለበት ኩሬ ስሎ መጣ። ሰብለ ሥዕሉን ተቀብላ አየችው። ከዚያ ወደ እኔ ዞር ብላ «በዚህ ክረምት እነዚህን ልጆች ባሕር እናሳያቸዋለን» አለች። ሰብለ «እናደርጋለን» ያለችው ነገር ሳይደረግ ቀርቶ አያውቅም።

ሳምንት ሳይሞላ ካሊፎርኒያ ውስጥ ባሕር ዳርቻ ላይ የተሠራ አንድ ሪዞርት ከኢንተርኔት አገኘች። ዋተር ፓርክ የሚሉት የውሃ መጫወቻ አለው፣ በማሽን የሚሠራ ማዕበል አለው፣ ከአጥሩ ወዲያ ደግሞ እውነተኛው ባሕር አለ። እውነተኛው ማዕበል እዚያው እያለ ሌላ መሥራት ለምን እንዳስፈለገ አልገባኝም፤ ደግሞም አልጠየቅኩም። ሥዕሉን ሁሉ ከቤተ መጻሕፍት ፕሪንት አድርጋ አምጥታ ፍሪጁ ላይ ለጠፈችው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ቤታችን የጦር ሰፈር ሆነ። የትኛው ሸርተቴ በየትኛው ቀን እንደሚወረድ ሜሮን ሰንጠረዥ አወጣች። ናቲ ለትልቁ ሸርተቴ ቁመቱ አንድ ጣት ስለሚጎድለው በየጠዋቱ የበሩ መቃን ላይ እየቆመ ይለካል። እኔም ዋና የማልችለው ሰው የዋና ቁምጣ ገዝቼ መኝታ ቤት ቆልፌ ለካሁት። መስተዋቱን አንድ ጊዜ ብቻ ነው ያየሁት።

ፍሪጁ ላይ ያልተለጠፈ አንድ ጉዳይ ግን ነበር። እማማ አስካለ።

እማማ አስካለ ከእኛ በታች ባለው ፎቅ ነው የሚኖሩት። ልጃቸው የረጅም መንገድ ትራክ ስለሚነዳ በወር ለጥቂት ቀን ብቻ ነው ቤት የሚገባው። ናቲ ከመወለዱ ጥቂት ቀደም ብሎ ተዋወቅን፤ ከዚያ ወዲህ ልጆቼን ያሳደጓቸው እሳቸው ናቸው። ከትምህርት ቤት ሲመጡ ይቀበላሉ፣ ያበላሉ፣ ይቆጣሉ፣ ጸሎት ያስተምራሉ። ክፍያ ብናነሳ ሦስት ቀን ያኮርፉናል። የቤታችን ቁልፍ እሳቸው ዘንድ ነው፤ ጉልበታቸውን ስለሚያማቸው ግን ደረጃ የሚወጡት ከስንት አንዴ ነው። እንግዲህ እኚህን ሴት ትቶ እንዴት ባሕር ይኬዳል? ሰብለ ገና ከመጀመሪያው «አብረውን ይሂዱ» አለች። እኔ «ይደክማሉ፣ ጉልበታቸው አይችልም» አልኩ።

ውሸቴን ነው። እውነቱን አሁን ልናገር። በዚያ ሁሉ ራቁት ቀረሽ ፈረንጅ መካከል ቁርጭምጭሚት የሚደርስ ነጭ ቀሚሳቸውን ለብሰው፣ ነጠላቸውን አጣፍተው፣ ሸርተቴ በወረደ ሕፃን ሁሉ ላይ እያማተቡ ታዩኝ። ሰው ዞር እያለ ሲያየንም ታየኝ። አፈርኩባቸው። ሰባት ዓመት ልጆቼን ታቅፈው ባሳደጉት ሴት አፈርኩ። ልጆቹንም ሰብስቤ «ለእማማ እንዳትነግሩ» አልኳቸው።

ሜሮን «ዋይ ኖት?» አለች። «ሺ ኢዝ ፋሚሊ።» ቤተሰባችን ናቸው ማለቷ ነው።

«ሰርፕራይዝ ነው» አልኳት። ምን ዓይነት ሰርፕራይዝ እንደሆነ አላብራራሁም።

ለእሳቸው ምን እንደምል ግን አልተዘጋጀሁም ነበር። ከመሄዳችን በፊት በነበረው ቀን ደረጃ የማይወጡት ሴት ደረጃ ወጥተው መጡ። የናቲን ሹራብ ቁልፍ ተክለውለት ኖሯል። ከበሩ ሲገቡ ሳሎኑ መሐል ሁለት ሻንጣ አፉን ከፍቶ ቁጭ ብሏል።

«ወዴት ነው በደኅና?» አሉ።

ሰብለ መኝታ ቤት ነበረች። እኔ ሻንጣውን አየሁ፣ እማማን አየሁ፣ ከዚያ ፍሪጁን በጀርባዬ ከለልኩ። አፌ ከእኔ ቀድሞ «ሎስ አንጀለስ… ሰው ሞቶብን» አለ።

ሹራቡ ከእጃቸው ወደቀ። ሶፋው ጫፍ ላይ ተቀምጠው ደረታቸውን ያዙ። ማን እንደሆነ ጠየቁኝ፤ አጎቴ ነው አልኩ። በአባትህ ነው በእናትህ አሉ፤ በእናቴ አልኩ። ስማቸውን ጠየቁኝ፤ ጋሽ መኮንን አልኩ። ጋሽ መኮንን የሚባል አጎት ኖሮኝ አያውቅም። እማማ አስካለ ግን በዚያች ደቂቃ ስለ ጋሽ መኮንን የእውነት እንባ አነቡ። «እኔም ልምጣ፣ ለቅሶ በሰው ነው» ሲሉኝ «አውሮፕላኑ ሞልቷል» አልኩ። ደግሞም ብልህ የሆንኩ መስሎኝ «እማማ፣ እባክዎ ለሰው አይንገሩብን። ማንም እንዲቸገር አንፈልግም» ብዬ ለመንኳቸው።

እዚህ ላይ ነው መቶ በመቶ የተሳሳትኩት። ሐዘንተኛ «አትቸገሩ» ሲል የምንሰማው ምን ብለን እንደሆነ እናንተም ታውቃላችሁ። ጨዋ ሐዘንተኛ ሁሉ እንደዚያ ነው የሚለው። ጨዋ ጎረቤት ደግሞ አይሰማውም።

ሰብለ ከመኝታ ቤት ወጥታ የሆነውን ሰማች። የዋና ልብሶቹን አጣጥፋ ከሻንጣው ታች ከተተች፤ ከላይ አንድ ጥቁር ቀሚስ ደረበችበት።

ካሊፎርኒያን በዝርዝር አልነግራችሁም። ባሕሩ ባሕር ነው። ናቲ መጀመሪያ ሲያየው አጥሩን ፈለገ፣ ከዚያ ጫማውን ሳያወልቅ ሮጦ ገባ። ሜሮን በሰንጠረዧ መሠረት ሁሉንም ሸርተቴ ወረደች። ሰብለ ከስንት ዓመት በኋላ እንደ ልጅ ስትስቅ ሰማኋት። በሁለተኛው ቀን እኔ ከወገብ በታች የማሽን ማዕበል ውስጥ ቆሜ፣ ዋና የምችል እየመሰልኩ ሳለ፣ ሰብለ ከዳር ሆና ስልኬን ከፍ አድርጋ አሳየችኝ። እማማ አስካለ ናቸው። ውሃው ከጆሮዬ እየተንጠባጠበ ተቀበልኩ።

«በርታ ልጄ» አሉኝ። ከበላዬ የትልቁ ሸርተቴ አፍ ነበር፤ ልጅ ሁሉ እየጮኸ ነው የሚወርደው። እሳቸው አዳመጡና «ይሰማኛል፣ ይሰማኛል። ተዋቸው ያልቅሱ፣ ይውጣላቸው» አሉኝ። ያን ሁሉ እሪታ ለጋሽ መኮንን የተለቀሰ ነው ብለው ነው። «አንተም አልቅስ፤ ወንድ ነኝ ብለህ እንዳታፍነው» ብለው ስልኩን ዘጉ። ከውሃው ወጥቼ ፎጣ ለብሼ ተቀመጥኩ። ከዚያ በኋላ ውሃ አልነካሁም፤ ቁምጣዬ እንደደረቀ ነው ወደ ቤት የተመለስነው።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ኦሮራ ገባን። ሻንጣ እየጎተትን ሦስተኛው ፎቅ ስንደርስ በራችን ላይ ጫማ አየሁ። አንድ ሁለት አይደለም፤ የጫማ ሰልፍ ነው። በሩ ክፍት ነው። ሶፋችን ተነሥቶ መሬት ላይ ፍራሽ ተነጥፏል። ሴቶች ጥቁር ነጠላ ለብሰው ዳር ዳሩን ተቀምጠዋል፤ ወንዶቹ ግድግዳ ተደግፈው ቆመዋል። ከአጎራባች ከተሞች፣ ከሌክውድም ከሴንቴኒያልም የመጡ አሉ። ሦስት ትልልቅ ድስት ምድጃው ላይ ተደርድሯል። የሰብለ የሥራ ባልደረባ፣ ከምሽት ሥራ ወጥታ ሳትተኛ የመጣች፣ ጥግ ላይ ተደግፋ ታንጎላጃለች። የቤተ ክርስቲያናችን ቄስም አሉ።

እኔ የዘንባባ ዛፍ የታተመበት ሸሚዝ ለብሻለሁ። ሜሮን ፀጉሯን በዶቃ ተሠርታለች። ናቲ በብብቱ በአየር የተነፋ ዓሣ ነባሪ ይዟል።

ሰው ሁሉ አንድ ላይ ተነሣ። ሰብለ ከበሩ እንዳለፈች ፊቷን በሁለት እጇ ሸፍና ማልቀስ ጀመረች። ያ ለቅሶ የእውነት ነበር፤ እፍረት ነው ያስለቀሳት፤ ግን ማን ይለየዋል። አንዲት ሴት አገጬን ይዛ ፀሐይ የላጠውን ፊቴን ተመለከተችና «ሐዘን እንዴት ያጠቁራል በሉ» አለች። ሌሎቹ በሐዘኔታ ራሳቸውን ነቀነቁ። ፍራሹ ላይ አስቀመጡኝ። ከተቀመጥኩ በኋላ ትዝ ያለኝ ፍሪጁ ነው። ያ ሁሉ የሸርተቴ ሥዕል፣ ያ ሁሉ ሰንጠረዥ። ቀስ ብዬ አንገቴን አዞርኩ።

ፍሪጁ ላይ ምንም የለም። ወረቀቶቹ በሥርዓት ታጥፈው ዳቦ ማስቀመጫው ሥር ተሸጉጠዋል፤ ጫፋቸው ይታየኛል። ቁልፋችን ያለው እማማ አስካለ ዘንድ ብቻ ነው። ለቅሶውን ለሰው ሁሉ ከተናገሩ በኋላ ቤቱን ሊያሰናዱ ገብተው፣ ሥዕሉን አይተው፣ ሰው ሳይደርስ አንድ በአንድ አንሥተውልናል። ቀና ስል እማማ አስካለ ከምድጃው አጠገብ ሆነው ሳህን ያብሳሉ። አላዩኝም፤ ወይም እንዳላዩ ሆኑ።

ናቲ በዚያ ሁሉ ሰው መካከል ዓሣ ነባሪውን እንደታቀፈ «ዳዲ፣ ሁ ዳይድ?» አለ።

ማን እንደሞተ ነበር የጠየቀኝ። እንግሊዝኛ የማያውቅ ሰው ቤቱ ውስጥ አልነበረም። ሰው ሁሉ ወደ እኔ ዞረ። እማማ አስካለ ሳህኑን አስቀምጠው ልጁን በእጁ ያዙትና «ሕፃን ነው፣ አልነገሩትም፤ ደግ አደረጉ» ብለው ወደ መኝታ ቤት ወሰዱት። ቤቱ በሙሉ «ደግ አደረጉ» አለ። መሬት ብትከፈት ደስ እያለኝ እገባ ነበር።

ከምግቡ በኋላ ቄሱ ጠጋ ብለው ማስታወሻ ደብተራቸውን አወጡ። «የአጎትህ ክርስትና ስም ማን ይባላል? ነገ በጸሎት እንድናስባቸው ነው።»

እስከዚያ ድረስ የዋሸሁት ሰውን ነበር። አሁን ግን የተጠየቅኩት ስም የት እንደሚደርስ አውቃለሁ። እውነቱን ልናገር አፌን ከፈትኩ፤ ሳትተኛ የመጣችው ሴት ዓይኗን እያሸች ታየኛለች። አልቻልኩም። ፈጥሬ አንድ ስም እንዳልል ደግሞ የማን እንደሆነ በማላውቀው ሕያው ሰው ላይ ፍትሐት ላስደርግበት ነው። አንድ ስም ብቻ ቀረኝ፣ ቢያንስ ባለቤቱን የማውቀው።

«ወልደ ጊዮርጊስ» አልኩ።

የራሴ ክርስትና ስም ነው። ሰብለ ካለበሷት ነጠላ ውስጥ ቀና ብላ አየችኝና መልሳ አቀረቀረች።

በማግስቱ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ «ነፍሰ ገብርከ ወልደ ጊዮርጊስ» ተብሎ ተጠራሁ። ከኋላ ቆሜ ነበር። ሕዝቡ ነፍሴን ይማርልኝ ዘንድ ለመነ፤ እኔም አብሬ አሜን አልኩ። ከዚያ በየተራ እየመጡ ጨበጡኝ፣ «ነፍስ ይማር» አሉኝ፣ «እግዜር ይስጥልኝ» እያልኩ መለስኩ። የራሱን ለቅሶ ደርሶ ራሱ የተመለሰ ሰው ካለ እኔ ነኝ።

ሰው ሲበተን እማማ አስካለን ወደ መኪናው ደግፌ ወሰድኳቸው። ይቆጡኛል ብዬ ተዘጋጅቼ ነበር፤ በእሳቸው ቦታ ብሆን የምለውን ሁሉ በሐሳቤ ለራሴ እያልኩ ነው የምራመደው። እሳቸው ከቦርሳቸው እጥፋቷ ላይ ያለቀች ትንሽ ወረቀት አወጡ። የጻፉት በእጃቸው ነው።

«ይቺ በየእሑዱ ለካህናቱ የምሰጣት ናት» አሉኝ። «የሕያዋን ናት። ከልጄ ቀጥሎ ሜሮን አለች፣ ሰብለ አለች፣ ኋላ የጨመርኩት ናቲም አለ። ይኸው ወልደ ጊዮርጊስ፣ አንተ። ስምህን ሰብለን ጠይቄ ነው የጻፍኩት፤ ናቲ እንኳ ገና አልተወለደም ነበር።»

ወረቀቷን አየሁ። ስሜ ብዙ ጊዜ ተነክቶ ደብዝዟል።

«ዛሬ ደግሞ ከሙታን ጋር ተጠራህ» አሉ። «ሁለት ቦታ መጻፍ አይሆንም። ከእንግዲህ ከየትኞቹ ጋር ላስጠራህ?»

ቁጣ የለበትም፤ ሊያስቁኝም አልነበረም። ስክሪብቷቸውን አውጥተው መልሴን እየጠበቁ ነበር።