ኢንጂነር ቀፀላ እና የቆንጂት ልደት

ቤሩት ውስጥ ሦስት ሐበሻ በተቀመጠበት አንዷ ኢንጂነር ናት። ዲግሪዋን የጠየቃት የለም፤ እሷም አሳይታ አታውቅም። ስልክ አልበራ ሲል፣ ዋይፋይ ሲደክም፣ ከአገር ቤት የተላከ የሠርግ ቪዲዮ አልከፈት ሲል ወደ እሷ ይኬዳል። እሷም ስልኩን ትቀበልና መስታወቱን በልብሷ ጫፍ ጠርጋ፣ "ማነው እንዲህ ያደረገው?" ብላ ትጠይቃለች። ከባለቤቱ ሌላ የነካው እንደሌለ እያወቀች ነው የምትጠይቀው። ሐኪም እንኳ በሽተኛውን እንዲህ አያሳፍርም።

የእኛዋን፣ ክብርት ኢንጂነር ቀፀላን፣ ባለፈው እሑድ ከባዳሮ ወደ ዶራ የሚሄድ ሰርቪስ፣ የጋራ ታክሲ፣ አስቁሜ ስገባ ከኋላ ወንበር ላይ አገኘኋት። ከተያየን አምስት ወር ሆኖናል። ሰላም ከማለቷ በፊት፣ "በሩን ቀስ አድርገሽ ዝጊው፣ ሴንሰሩ ተበላሽቷል" አለችኝ። መኪናው በዕድሜ ሁለታችንንም የሚበልጥ፣ ሴንሰር የሚባል ነገር ሳይታሰብ የተሠራ ነው። ሽማግሌውን ሹፌር "አሞ" እያለች፣ አጎቴ ማለቷ ነው፣ በየት በኩል ቢታጠፍ ከመጨናነቁ እንደሚያመልጥ ከስልኳ እያነበበች ትነግረዋለች። ሠላሳ ዓመት በዚያ መንገድ የነዳ ሰው መታጠፊያ በደረሰ ቁጥር በመስታወቱ አየት ያደርጋታል።

ቀፀላ የምትሠራው ራስ ቤሩት፣ ጡረታ የወጡ አንድ ፕሮፌሰርና ባለቤታቸው ቤት ነው። ሰውየው አርባ ዓመት ያስተማሩ፣ በሦስት ቋንቋ መጽሐፍ የጻፉ ናቸው። ፕሪንተሩን ወረቀት ሲያንቀው ግን "ቀፀላ" ብለው ነው የሚጣሩት። አንድ ቀን ጣሪያ ላይ የፀሐይ መብራት የሚገጥም ነጋዴ ቤታቸው መጣ። ቀፀላ ጁስ ይዛ ገባች፤ ጁሱን አስቀመጠች፤ አልወጣችም። ባትሪው ሊቲየም ነው ወይስ ያ የድሮው፣ ስንት ዓመት ያገለግላል፣ ዋስትናው ኢንቨርተሩንም ይጨምራል ወይ ብላ ጠየቀች። ነጋዴው ለማዳሟ አመሰግናለሁ ለማለት "መርሲ" ብሎ ወጣ፤ በዚያው ቀረ። ከዚያ ወዲህ ማዳሟ እንግዳ በመጣ ቁጥር "የቤታችን የኤሌክትሪክ ሚኒስትር" እያለች ታስተዋውቃታለች አሉ። አሉ የምለው የነገረችኝ ቀፀላ ራሷ ስለሆነች ነው።

የምትከታተለው ነገር ብዛት ለአንድ ሰው አይሆንም። ስልኳ ላይ የመሬት መንቀጥቀጥ የሚናገር አለ፤ ቱርክ ውስጥ ድስት ቢወድቅ ቀድማ የምትሰማው እሷ ናት። ቅጠል ፎቶ ሲያነሱለት ስሙን የሚናገር አለ፤ በእሱ የማዳሟን የባልኮን ተክሎች ዐሥራ ስድስቱንም ክርስትና አንሥታቸዋለች። አውሮፕላን የሚያሳይም አለ፤ የአዲስ አበባው ባሕሩ ላይ ዞሮ ሲወርድ፣ እንግዳ ተቀባይ ይመስል "ዛሬ ዐሥራ ሁለት ደቂቃ አረፈደ" ትላለች። የጾም መቁጠሪያው፣ የፈረንሳይኛ ትምህርቱ፣ የሠፈሩ ጄኔሬተር የሚጠፋበት ሰዓት፣ የደብረ ብርሃን አየር ጠባይ፣ ሁሉም እዚያው ነው። ደብረ ብርሃን ዘመድ የላትም፤ ብርዱ ያሳስባታል።

በቅርቡ ደግሞ ከሮቦት ጋር በአማርኛ መጻጻፍ ጀምራለች። ሽሪምፕ በጾም ይበላል ወይ ብላ ጠየቀችው። ምን አለሽ አልኳት።

"መለሰልኝ። ግን ተሳስቶ ነበር፤ አረምኩት። አመሰገነኝ።"

መድኃኒቷ ለሁሉም አንድ ነው፤ "ያኒ፣ ማለቴ፣ ቀላል ነው፤ አጥፍተሽ አብሪው።" ለስልክም፣ ለፍሪጅም፣ ለሰውም። ሲሀም የምትባል ጓደኛችን ከእጮኛዋ በተጣላች ጊዜ ያንኑ አዘዘችላት፤ አጥፊው፣ ሠላሳ ሰከንድ ጠብቂ፣ አብሪው። ሲሀም የልጁን ቁጥር ዘጋች። ሠላሳው ሰከንድ ስምንት ወር ፈጀ፤ ከዚያ ተጋቡ። ምስክር ሆና የፈረመችው ማን እንደሆነች መናገር አያስፈልግም።

አንድ ቃል ግን ከአፏ ወጥቶ አያውቅም፤ "አላውቅም" የሚለው። ያላወቀችው ነገር ሲገጥማት "ይታያል" ትላለች። እኔ በበኩሌ ስንት ነገር እንደታየ ቆጥሬ አላውቅም።

ሰርቪሱ ውስጥ ወዴት እንደምትሄድ ጠየቅኳት። ቆንጂት ጋ ነው አለችኝ፤ ጉዳዩንም እስከ ዶራ ድረስ አወራችልኝ።

ቆንጂት ባዕብዳ አንድ ቤት ዘጠኝ ዓመት አድራ ሠርታለች። ከሦስት ዓመት በፊት ቤቱን ጥላ ስትወጣ ፓስፖርቷ አሠሪዎቿ መሳቢያ ውስጥ ቀረ። አሁን ዶራ በጋራ በተከራየችው ክፍል እየኖረች የሰው ቤት በሰዓት ታጸዳለች። ከአገሯ ስትወጣ የሁለት ዓመት የነበረች ልጇ ዐሥራ አራት ሞልቷታል፤ በቪዲዮ ሲተያዩ ልጅቷ ጎንበስ ካላለች ስክሪኑ አይችላትም። ቆንጂት አገሯ ልትገባ ወስናለች። ፓስፖርት የሌላት ሰው የምትሄድበትን ወረቀት የሚጨርሱላት ሰዎች የፓስፖርቷን ኮፒ እስከ ማክሰኞ አምጪ ብለዋታል። ካላመጣች ስሟ ከሚሄዱት ዝርዝር ይወጣል፤ የሚቀጥለው ዝርዝር መቼ እንደሆነ የነገራት የለም።

ኮፒው ያለው አንድ ቦታ ብቻ ነው፤ ኢሜይሏ ውስጥ። እዚያ ያስቀመጠችላት ቀፀላ ናት። ከስምንት ዓመት በፊት ሁለቱም ባዕብዳ አንድ ሕንፃ ላይ፣ ባልኮን ለባልኮን ጎረቤት ነበሩ። የቆንጂት ማዳም ፓስፖርቱን ለመኖሪያ ፈቃድ እድሳት ከመሳቢያ ባወጣችው ቀን ቀፀላ በባልኮኑ ተቀብላ ፎቶ አነሣችው፤ ኢሜይል ከፍታም እዚያ አስገባችው። "ወረቀት ይጠፋል፤ ኢንተርኔት አይጠፋም" ብላት ነበር። እውነቷን ነው፣ አልጠፋም። ተቆለፈ እንጂ። የቆንጂት ስልክ የመወልወያ ባልዲ ውስጥ ሰጠመና የይለፍ ቃሉም አብሮ ሰጠመ። አሁን ኢሜይሉ ባለቤቷ መሆኗን ለማመን የትውልድ ቀኗን ይጠይቃል። ሦስት ዕድል ሰጥቷት ነበር፤ ሁለቱን ጨርሳለች። ሦስተኛውን ከሳተች ለሠላሳ ቀን ይዘጋል።

እኔ የወጣሁት ለገበያ ነበር። ወሬ ካገኘሁ ገበያ ይቀራል፤ ተከትያት ገባሁ።

ክፍሏ ውስጥ ሁለት ፍራሽና አንድ ወንበር አለ። ወንበሩ ላይ የቆንጂት ደባል ረሺዳ ተቀምጣለች። ረሺዳ በኢንጂነሮች አታምንም፤ የራሷን ስልክ ቀፀላ ከጠገነችው በኋላ በአረብኛ ብቻ ነው የሚያናግራት። ገና እንደገባን፣ "መጣችልሽ፤ አሁን አንቺንም አጥፍታ ታበራሻለች" አለቻት ለቆንጂት።

ቀፀላ አልሰማችም፤ ሥራ ጀምራለች። ሁለት ስልኮቿንና ጡብ የሚያክል ፓወር ባንኳን ፍራሹ ላይ ደረደረች። ቆንጂት ምን ምን እንደሞከረች ጠየቀቻት። መጀመሪያ የሞከረችው እውነተኛውን ቀኗን ነው፤ በፈረንጅ ሲመነዘር ኖቬምበር ሃያ አንድ፣ ዘጠና ሁለት። እምቢ አለ። ቀጥላ የፓስፖርቱን ሞከረች፤ ጃንዋሪ አንድ፣ ሰማንያ ሰባት። ይሄ ወደ ቤሩት የላካት ደላላ የወለዳት ቀን ነው፤ ዕድሜሽ ለጉዞ አይበቃም ብሎ በአንድ ጠዋት ስድስት ዓመት አሳድጓታል። እሱንም እምቢ አለ።

"ስትጽፊ ጣትሽ ስቶ ይሆናል" አለች ቀፀላ። "የከፈትኩት እኔ ነኝ፤ ልክ ነው።"

ከዚያ በኋላ ያለውን አንድ ሰዓት ባሳጥረው ይሻላል። ስልኩ ባዕብዳ ያለ እንዲመስለው አደረገች። የድሮውን የዋይፋይ ስም አስታወሰች። ለኢሜይሉ ባለቤቶች በእንግሊዝኛ አቤቱታ ጻፈች፤ አንብባልን ነበር፤ "በታላቅ አክብሮት" የሚል ሦስት ቦታ አለበት። ሮቦቱን ጠየቀች፤ እሱም የእንጀራ እናት ጠባይ ባለው ትሕትና ረጅም መልስ ሰጣት፤ ምንም የለበትም። ቆንጂት በዚህ ሁሉ መሐል ጉልበቷን አቅፋ የቀፀላን ጣቶች ታያለች። አንድ ጊዜ ብቻ፣ ማንንም ሳታይ፣ ለልጅቷ የምገባበትን ቀን ነግሬያታለሁ አለች።

ቀፀላ ስልኩን አስቀመጠች። ቀና ብላ ቆንጂትን ብዙ አየቻት።

"ያን ቀን ባልኮኑ ላይ፣ መቼ ተወለድሽ ስልሽ ምን ነበር ያልሽኝ?"

"ምን እላለሁ። ኅዳር ሚካኤል፣ ሰማንያ አምስት።"

ቀፀላ በጣቷ ፍራሹ ላይ ቆጠረች። መስከረም፣ ጥቅምት፣ ኅዳር። ሦስተኛው ጣቷ ላይ ቆመች። ፊቷን ሳይ የሚያማት መሰለኝ።

"አላውቅም ነበር" አለች።

ረሺዳ ምኑን ብላ ጠየቀች።

"ከመጣሁ ገና ሰባት ወሬ ነበር። ቀኑ በፈረንጅ ተቀይሮ እንደሚገባ አላውቅም ነበር። እንዳለችኝ ነው የሞላሁት። ዐሥራ ሁለት፣ ሦስት፣ ሰማንያ አምስት።"

እኔ ረሺዳ አሁን ትጨርሳታለች ብዬ ጠበቅኩ፤ እንዲህ ያለ ዕድል በዓመት አንዴም አይገኝም። ረሺዳ ግን ዝቅ ባለ ድምፅ፣ "እርግጠኛ ነሽ?" ብቻ አለቻት።

"አይደለሁም" አለች ቀፀላ። ስልኩንም ለቆንጂት አቀበለቻት። "ዕድሉ ያንቺ ነው። እኔ አልነካውም።"

ቆንጂት አማተበች። ዐሥራ ሁለት ብላ ጻፈች፤ ሦስት ብላ ጻፈች፤ ሰማንያ አምስትን ጨመረች። ከዚያ ነካችው። ስክሪኑ ነጣ፤ አንድ ትንሽ ክብ ተሽከረከረ፤ ተሽከረከረ።

ተከፈተ።

ውስጡ ያለው አንድ ፎቶ ብቻ ነው። በአበባ የተጠለፈ የጠረጴዛ ልብስ ላይ የተዘረጋ ፓስፖርት፤ ጠርዙ ላይ የቀፀላ አውራ ጣት ገብቷል። ፎቶው ላይ ያለችው ልጅ ሃያ ስድስት ዓመቷ ነው ተብሎላታል፤ ሃያ የሞላትም አትመስል። ቆንጂት አላለቀሰችም፤ ስሟን ከነአባቷ፣ ከነአያቷ ጮክ ብላ አነበበችው፤ እንደገናም አነበበችው። ረሺዳ ከወንበሩ ተነሥታ፣ በእጇ ጠረግ አድርጋ ለኢንጂነሯ ለቀቀችላት።

ኮፒው በአምስት ስልክ ላይ ተቀመጠ፤ የእኔም ላይ አለ። ቆንጂት ማታ ለልጅቷ ልደውልላት ነው እያለች እስከ ደረጃው ሸኘችን።

ወደ ሰርቪሱ ማቆሚያ ስንሄድ ቀፀላ አንድም ነገር አላስረዳችኝም። አጠገባችን የቆመ የመኪና ሞተር ሲንተፋተፍ እንኳ ዞራ አላየችውም። እንዲህ ሆና አይቻት ስለማላውቅ፣ እውነቱን ለመናገር፣ ስለ ደብረ ብርሃን ብርድ ብታወራልኝ ደስ ባለኝ ነበር። ስልኳ ላይ አንድ በአንድ ስም ስትጽፍ አየሁ። በዚያ ዓመት ኢሜይል የከፈተችላቸው ሴቶች ናቸው፤ ሃያ ሦስት ደርሰዋል፤ ግማሾቹ ዱባይ ናቸው፤ አንዷ ካናዳ። ለሁሉም ልትደውል ነው። ተዪው፣ ማን ይጠይቃቸዋል አልኳት። ማክሰኞ የሌለበት ሰው የለም አለችኝ።

መኪና መጣላት። ገባች፤ በሩን በቀስታ ዘጋችው፤ መስታወቱን አወረደች። የምትሰናበተኝ መስሎኝ እጄን አነሣሁ።

"ያንቺንም የከፈትኩት እኔ ነኝ" አለች። "ሰኔ ነው የተወለድሽው አይደል? ዐሥር ብዬ ሞልቼዋለሁ፤ እዚያ ላይ ኦክቶበር ነሽ፤ ይቅር በይኝ።"