በፎርትናይት የመጡ ሽማግሌዎች

እንግሊዝኛ ለጊዜ ስም ማውጣት አይታክተውም። እኛም ብንሆን ንጋት፣ ረፋድ፣ ቀትር፣ ተሲያት፣ አመሻሽ፣ ውድቅት እያልን ቀኑንና ሌሊቱን ለራሳችን በሚበቃን መጠን ሸንሽነነዋል። ሁለት ሳምንትን ግን ሁለት ሳምንት እንለዋለን፤ ምን አጥፍቶ ሌላ ስም ይወጣለታል? እንግሊዞች አላስቻላቸውም፤ «ፎርትናይት» አሉት። መዘዙ ሆሳዕና ከተማ፣ እኛ ቤት ድረስ መጣ።

ታላቅ እህቴ ምሕረት ያኔ የሒሳብ መምህርት ነበረች። የሚወዳት ማርቆስ ደግሞ እዚያው ትምህርት ቤት እንግሊዝኛ ያስተምራል። እሱ የዱራሜ ልጅ፣ ከምባታ፤ እኛ ሀዲያ፤ የሚግባቡት በአማርኛ ነው። ማርቆስ ግን ልቡ ሲደነግጥ ወደ እንግሊዝኛ ይሸሻል። አንድ ቀን ባጃጅ ተራው ጋ ሲሰነባበቱ፣ «በፎርትናይት ሽማግሌ እልካለሁ» አላት። እሷም ትርጉሙን መጠየቅ አፈረች። እንዲህ ባለ ሰዓት ማን መዝገበ ቃላት ይገልጣል?

ቤት ስትደርስ ለእኔ ተረጎመችልኝ። «ፎርቲ ናይት ማለቱ ነው፤ አርባ ሌሊት። ለአባባ ቀስ ብዬ እነግረዋለሁ።» የሒሳብ መምህርት ቁጥር አትስትም ብዬ አመንኳት።

ልክ ሁለት ሳምንት ሲሞላ፣ አባባ ምንም ሳይሰማ፣ ሦስት ሽማግሌዎች ከዘራቸውን ይዘው ከች አሉ። አባባ ያን ሰሞን ሊሸጣት ያሰባት ጊደር ነበረችው፤ ገዢ ሲጠብቅ ነው የሰነበተው።

«ከቤትዎ አንድ ነገር ወደን መጥተናል» አሉ ትልቁ ሽማግሌ፣ እንደ ወጉ ቆመው።

አባባ ፊቱ በራ። «ሰምታችኋላ! ዘሯ የተመሰከረለት ነው። አመሏን ግን አልደብቃችሁም፤ ያልለመደችው ሰው ሲጠጋት ትራገጣለች።»

ሽማግሌዎቹ ተያዩ። ትልቁ ጉሮሯቸውን ጠራረጉና፣ «ልጁ ታጋሽ ነው፤ ያለምዳታል» አሉ።

«እንዲያ ከሆነ ደግ። ብርድ ላይ ብቻ አታሳድሯት። ጨው ደግሞ ነፍሷ ነው፤ ከእጃችሁ ትልሳለች።»

እኔና ምሕረት መጋረጃው ጀርባ ነን። ነጠላዋን አፏ ውስጥ ጎስጉሳ ትንቀጠቀጣለች፤ ትሳቅ ታልቅስ መለየት አቃተኝ።

ሦስተኛው ሽማግሌ አላስቻላቸውም። «ለመሆኑ፣ አስተማሪ አይደለችም እንዴ?»

«ማን? ጊደሯ?» አለ አባባ።

 ነገሩን ሲያስረዱት አባባ ቀስ ብሎ ተቀመጠ። ሴት ልጁን ከቤቱ ሊወስዱበት መሆኑ ገና ያኔ ነበር የገባው።

«ስለ ጊደሯ እኔ እናገራለሁ» አለ በመጨረሻ። «ስለ ልጄ ግን እሷን ልጠይቅ።» ዛሬ አባባ የለም፤ ያ ለስለስ ያለ ድምፁ ግን ጆሮዬ ላይ ቀርቷል። «ምሕረቴ፣ ነይ እስኪ። ልጁን ትወጂዋለሽ?»

ወጥታ አንገቷን ደፍታ ቆመች።

«እወደዋለሁ፣ አባባ» አለች። «ግን ምን አስቸኮለው? ገና ሃያ ስድስት ሌሊት ይቀረዋል!»