ከግንደ ቆርቁር ጋር የተጣላ አባወራ

ከወፍ ጋር የተጣላ ትልቅ ሰው አይታችሁ ታውቃላችሁ? ሶዶ ብቅ በሉ፤ እኔን ታያላችሁ። አንድ ግንደ ቆርቁር የጣሪያዬን የጠርዝ እንጨት በስቶ ሊጨርሰው ነው። እንዲፈራ ብዬ አሮጌ ሲዲ አንጠለጠልኩ፤ እንደ መስታወት ራሱን አየበት። ታዲያ ምን ቀረኝ? ጫማ።

ቅዳሜ ማለዳ "ቋ! ቋ! ቋ!" ሲል፣ "አንተ ሌባ፣ ዛሬ አንገትህን ነው የምሰብረው!" ብዬ በሩን በረገድኩና ጫማዬን ወረወርኩ። ደጃፌ ላይ የእንጨት በሬን በከዘራ ያንኳኩ ሽማግሌዎች ቆመዋል። ልጄን ለጋብቻ ሊጠይቁ ከአረካ የመጡ ናቸው።

"ወፍ መስላችሁኝ ነው" አልኩ። ይኼ ይባላል? ወፉ ራሱ ይመስክርልኝ ብዬ ሁሉንም ጣሪያው ሥር አቆምኳቸው። አንጋጠን ጠበቅን። ወር ሙሉ ሲደበድብ የከረመው ወፍ ድምፁን አጠፋ። ልጄ በመስኮት አይታን ፊቷን በእጇ ሸፈነች።

በመጨረሻ ትልቁ ሽማግሌ ጫማዬን አንስተው ሰጡኝ።

"እንካ የኔ ልጅ፤ ለወፉ ያስፈልግሃል። እኛ ሌላ ቀን እንመጣለን። ያኔ ግን አናንኳኳም፤ እንደውላለን።"

ገና ከግቢው ሲወጡ ከጣሪያው "ቋ! ቋ!" አለ።

"ይኸው! ስሙት!" እያልኩ፣ ጫማዬን እያወዛወዝኩ ተከተልኳቸው። ሽማግሌዎቹ እርምጃቸውን ጨመሩ፤ ልጄም መጋረጃውን ዘጋችው።