ሊቀ መጻሕፍት ወደ ቀኝ ሲዞሩ

መጽሐፍ ይዞ ብቅ የሚል ሰው የሌለበት ሠፈር የለም። ቧንቧ ፈንድቶ ሰው ሁሉ ባልዲ ፍለጋ ሲሮጥ፣ እሱ መነጽሩን ፍለጋ ይሄዳል። ምዕራፉን አግኝቶ ሲመለስ ሳሎኑ ኩሬ ሆኖ ይጠብቀዋል። ክፋት የለበትም። ሰው በአፉ የነገረውን አያምንም፤ ያው ነገር ታትሞ ሲመጣ ግን ደረቱን ለጥይት ይሰጥለታል። መጽሐፉንም የጻፈው ሰው መሆኑ ትዝ ብሎት አያውቅም።

ፀጉር ሠሪዋ እንዲህ ያለውን ሰው የተዋወቀችው ቴኳንዶ ቤት ነው። ቀኑን ሙሉ ቆማ መዋሏ ወገቧን ሲያሳምማት ሐኪሙ "እንቅስቃሴ ጀምሪ" አላት። ለሱቋ የሚቀርበው እንቅስቃሴ ደግሞ ከራሷ በላይ፣ ፎቁ ላይ፣ በየማታው እየጮኸ ደንበኞቿን ሲያስደነግጥ የኖረው ቴኳንዶ ሆነ። አንድ ቀን መቀሷን አስቀምጣ ደረጃውን ወጣችና ከጩኸቱ ጋር ተቀላቀለች።

እዚያ ያገኘቻቸው ክቡርነታቸው በውሃ መሥሪያ ቤት የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ናቸው። ጡረታ ሊወጡ ጥቂት የቀራቸው፣ ረዘም ያሉ፣ የስፖርት ልብሳቸውን እንደ ሠርግ ሸሚዝ ተኩሰው የሚመጡ ሰው ናቸው። ዕድሜያቸውን ሁሉ "በጽሑፍ ያልሰፈረ ነገር እንዳልተደረገ ይቆጠራል" ሲሉ ስለኖሩ፣ ቴኳንዶንም ያለ ሰነድ ሊማሩት አልፈቀዱም። መጽሐፍ ገዙ። ግድግዳው ሥር ባለው አግዳሚ ወንበር ላይ ይዘረጉትና ገጹ እንዳይገለበጥ ጫማቸውን ይጭኑበታል። በሌሉበት ሠልጣኙ ሁሉ ሊቀ መጻሕፍት ይላቸዋል፤ ፊት ለፊት ጋሼ ናቸው።

አሠልጣኙን ሁሉም ማስተር ነው የሚለው። ለሊቀ መጻሕፍት ልጃቸው ሊሆን የሚችል፣ ትሑትና ታጋሽ ወጣት ነው። ትዕግሥቱ ግን በአንድ ዓረፍተ ነገር ያልቅ ነበር።

"ጋሼ፣ መጀመሪያ ጉልበትዎን ያንሡ፣ ከዚያ እግርዎን ይዘርጉ።"

"መጽሐፉ ግን እንዲህ አይልም።"

የመጀመሪያ ዕለት ፀጉር ሠሪዋ የሚመታውን ትራስ ይዛ ፊታቸው ቆመች። ሊቀ መጻሕፍት ትንፋሻቸውን ሰብስበው እግራቸውን አነሡ። አነሡና እዚያው አየር ላይ ተዉት። እሷም ጠበቀች። ክንዷ እስኪዝል ጠበቀች።

"ጋሼ፣ ምነው? ያዘዎት እንዴ?"

"ምስል አራት ላይ ነኝ።"

"ታዲያ ይምቱዋ!"

"መምታት ምስል አምስት ነው፤ እዚያ ላይ እግሩ ትራሱን ነክቷል። ከአራት ወደ አምስት በምን እንደሄደ ግን አልተገለጸም።"

ማስተር ራሱን በሁለት እጁ ያዘ። "ጋሼ፣ ቴኳንዶው እኮ ያለው በሁለቱ ምስሎች መሃል ነው!" አለ። ሊቀ መጻሕፍት እግራቸውን እንዳንጠለጠሉ አሰቡበት። ከዚያ እግራቸው በራሱ ፈቃድ ሲወርድ፣ "ይህን የጻፈው ማነው?" ብለው ጠየቁ። ፀጉር ሠሪዋ የዚያን ዕለት ወደ ቤቷ ስትሄድ ማን ትክክል እንደሆነ አልገባትም ነበር።

ነገሩ የባሰው ሁለተኛ መጽሐፍ ሲገዙ ነው። የመጀመሪያው መጽሐፍ ቡጢ ወገብ ላይ ይቀመጥ ይላል፣ ሁለተኛው የለም ከጎድን አጥንት ሥር ይላል። ሌላ ሰው ቢሆን አንዱን ይመርጣል። ሊቀ መጻሕፍት ግን ደራሲ ማስቀየም አይወዱምና፣ አንዱን ቡጢ ወገባቸው ላይ ሌላውን ጎድናቸው ላይ አድርገው፣ ትከሻቸው ተንጋዶ አንድ ሰሞን ሠለጠኑ። እሳቸውን እያየች ፀጉር ሠሪዋም ተንጋደደች።

እሷም ብትሆን የራሷ ጉድ ነበረባት። ግራና ቀኟን አትለይም። ቀኑን ሙሉ መስተዋት ፊት ስለምትውል፣ አንዷ ደንበኛ "በቀኝ በኩል ቀነስ አድርጊው" ስትላት ወንበሩ ላይ ያለችው ሴት ቀኝ ይሁን መስተዋቱ ውስጥ ያለችው ቀኝ ይምታታባታል። ስለዚህ ቃሉን ትታ የደንበኛዋን ጣት ተከትላ ትቆርጣለች። ሱቅ ውስጥ ይሄ ያዋጣል። መንጃ ፈቃድ ላይ ግን አላዋጣም፤ ፈታኙ "ወደ ግራ ታጠፊ" ሲላት ወደ ቀኝ ታጥፋ ነው የቀረባት። ከዚያ ወዲህ ፈተና የሚባል ነገር ስትሰማ ወሬ ትለውጣለች። "ፈተና አልፋ የማታውቅ" የሚለው ቃል በራሷ ላይ ተለጥፎ መቅረቱ ያንገበግባት ነበር።

በቴኳንዶ ከማይታይ ጠላት ጋር በተወሰነ ቅደም ተከተል የሚደረግ ጠብ አለ፤ ፑምሴ ይባላል። የመጀመሪያው ጠላት የሚመጣው በግራ ነው። ማስተር "ሺጃክ!" ሲል፣ ጀምሩ ማለቱ ነው፣ ክፍሉ በሙሉ ወደ ግራ ይዞራል። ሊቀ መጻሕፍት ወደ ቀኝ ይዞራሉ።

"ግራ፣ ጋሼ! ግራ!"

"መጽሐፉ ግን እንዲህ አይልም።"

ፀጉር ሠሪዋ የምትቆመው ከእሳቸው በስተቀኝ ስለሆነ፣ ሲዞሩ አፍንጫ ለአፍንጫ ይገጥማሉ። መጀመሪያ ሰሞን ደንግጣ ይቅርታ ትጠይቅ ነበር። ውላ አድራ ግን አንድ ነገር አስተዋለች። "ሺጃክ" ሲባል ግራ የቱ እንደሆነ ማሰብ ቀርቶላታል። ሊቀ መጻሕፍት ከንፈራቸውን እያንቀሳቀሱ "ምስል አንድ" ብለው ይዞሩባታል፣ እሷም ትዞርባቸዋለች። እሳቸው ክንዳቸውን ሲያወርዱ እሷም ታወርዳለች። ልክ እንደ ሱቋ መስተዋት ነው። ከዚያች የመጀመሪያ መዞር በኋላ ያለውን ሰውነቷ ራሱ ይወጣዋል። ይህን ለማንም አልተናገረችም፤ ተሳስቶ የሚያሠለጥናትን ሰው ምን ብላ ታመሰግናለች?

ሊቀ መጻሕፍት ግን በዚህች መዞር ፈተና ደጋግመው ወድቀዋል። ቢጫ ቀበቷቸው ከመታጠብ ብዛት ነጭ ሊሆን ደርሷል። ቢጫውን ማስተር ያለ ፈተና ነው የሚሰጠው፤ ለፀጉር ሠሪዋም ሰጥቷታል። በውጭ ፈታኝ በዓመት አንዴ የሚሰጠው የአረንጓዴ ቀበቶ ፈተና ሲቃረብ፣ ፀጉራቸውን ሊስተካከሉ ሱቋ መጡ። መጽሐፉን ይዘው ነው የመጡት።

"የዘንድሮው የመጨረሻዬ ነው" አሏት ጨርቁን አንገታቸው ላይ ስታስር። "ጉልበቴ ሌላ ዓመት አይጠብቀኝም። ገጹን ግን በቃሌ ነው የማውቀው፤ ምን እንደጎደለኝ አልገባኝም።"

ገጹን ሊያሳዩዋት መጽሐፉን ደረታቸው ላይ ከፍተው ያዙት። እሷ በልማዷ ያየችው በመስተዋቱ ውስጥ ነው። መቀሷ ቆመ። መስተዋቱ ውስጥ ያለው ሰውዬ ልክ ማስተር እንደሚያደርገው ነበር የሚያደርገው።

"ጋሼ፣ ይሄ ሰውዬ ፊቱን ወደ እርስዎ አዙሮ እኮ ነው የቆመው።"

"እና?"

"እናማ የሱ ግራ በእርስዎ ቀኝ በኩል ነው የሚታየው! ወዴት ዙር ይላል ጽሑፉ?"

ሊቀ መጻሕፍት መነጽራቸውን አደረጉ። "'ወደ ጎን ዙር፤ ምስሉን ተመልከት' ነው የሚለው" አሉ ቀስ ብለው። ከዚያ መጽሐፉን ወደ መስተዋቱ፣ መልሰው ወደ ራሳቸው፣ እንደገና ወደ መስተዋቱ አዞሩት። ፊታቸው ላይ የተላጨ ሳይሆን የተዘረፈ ሰው መልክ ነበር። የፀጉር ማድረቂያው ካስክ ሥር የተቀመጡት ሴቶች ሰውዬው መርዶ የደረሳቸው መስሏቸው ከንፈራቸውን መጠጡ።

ፀጉር ሠሪዋ አዘነችላቸውና ነገሩን በቀልድ ልታለዝበው ፈለገች። "ታዲያ እርስዎ ከተስተካከሉ፣ እኔ በፈተናው ማንን አይቼ ልዞር ነው? እስካሁን እኮ እርስዎን ነበር እንደ መስተዋት የማየው" አለች። ሳቀች። እሳቸው ግን በመስተዋቱ ውስጥ ቀና ብለው አዩዋት። ያን ሰሞን በየምሳ ሰዓቱ እየመጡ መስተዋቱ ፊት ወደ ግራ ሲዞሩ ከረሙ። ፀጉራቸውን በቢጉዲን የጠቀለሉ ሴቶች "ጎሽ ጋሼ!" ይሏቸው ነበር።

የፈተናው ቀን ተፈታኝ ስለበዛ ሁለት ሁለት እየሆናችሁ ግቡ ተባለ። የመዝገብ ቤቱ ሰውና ፀጉር ሠሪዋ አብረው ገቡ፤ እሷም እንደ ወትሮው በስተቀኛቸው ቆመች። ፈታኙ ቆፍጠን ያለ፣ ፊቱ የማይፈታ ሰውዬ ነው፤ ከጠረጴዛው ኋላ እስክሪብቶውን ይዞ ተቀምጧል። ማስተር አጠገቡ ቆሞ ጥፍሩን ይበላል።

"ሺጃክ!"

ሊቀ መጻሕፍት ወደ ግራ ዞሩ። ሲያምርባቸው! ማስተር በደስታ ዓይኑን ጨፈነ። ፀጉር ሠሪዋ ግን በልማዷ ፊት ጠብቃ ጀርባ አገኘች፤ በካውያ የተተኮሰ ነጭ ጀርባ። ግራ የቱ ነው? የማን ግራ? የመኪናው መሪ፣ የመንጃ ፈቃዱ ፈታኝ፣ የደንበኞቿ ጣት፣ ሁሉም ባንድ ላይ መጡባት። እግሯ ወለሉ ላይ ተሰፍቶ ቀረ። ፈታኙ እስክሪብቶውን ወደ ወረቀቱ አስጠጋ።

ሊቀ መጻሕፍት ከኋላቸው ኮቴ አልሰሙም። ባንድ ዓይናቸው ወደ ትከሻቸው ተመለከቱ። ከዚያም የመጀመሪያውን ምታቸውን ሳይጨርሱ፣ ሙሉ ለሙሉ፣ ወደ ቀኝ ዞሩ። አፍንጫ ለአፍንጫ ገጠሙ። ከንፈራቸው ተንቀሳቀሰ።

"ምስል አንድ።"

እሷም ዞረች። ክንዳቸው ወረደ፣ ክንዷም ወረደ። ከዚያ በኋላ ያለውን እንዴት እንዳደረገችው አታውቅም። መጨረሻ ላይ የጮኸችው ጩኸት ግን ታች ሱቋ ድረስ ተሰምቷል ብለዋታል።

ፈታኙ እስክሪብቶውን አስቀመጠ። "እርስዎ" አለ ሊቀ መጻሕፍትን፣ "በትክክል ጀምረው ነበር። ለምንድነው ወደ ኋላ የዞሩት?"

ፀጉር ሠሪዋ አፏን ልትከፍት ስትል ቀደሟት። ቀጥ ብለው ቆመው፣ በሕይወታቸው የመጀመሪያውን ያልተጻፈ ነገር ተናገሩ።

"መጽሐፉ እንዲህ ነው የሚለው" አሉ።

እሷ አለፈች፣ እሳቸው ወደቁ። ደረጃው ላይ ስታለቅስ አግኝተዋት፣ "ፈተና ያለፈ ሰው አያለቅስም፤ በየትኛውም ምዕራፍ አላየሁም" ብለው መሐረባቸውን ሰጧት። ቀጥሎ ምን እንደሚያደርጉ አልነገሯትም። ሳምንቱን ሁሉ ካሁን በኋላ ላይመጡ ነው እያለች በሱቋ በር ደረጃውን ስታይ ሰነበተች።

በሳምንቱ ግን ወንበሩ ላይ መጽሐፍ ተዘርግቶ ጫማ ተጭኖበት አየች። ሊቀ መጻሕፍት ጉልበታቸውን በፋሻ ጠቅልለው፣ ከነነጣው ቢጫ ቀበቷቸው ቦታቸው ላይ ቆመዋል። አዲሱን አረንጓዴ ቀበቶዋን አጠበቀችና ሄዳ በስተቀኛቸው ቆመች።

ማስተር ግራ ተጋባ። "እህቴ፣ አንቺ እኮ አልፈሻል። አረንጓዴ ቀበቶ የሚቆመው ፊት መስመር ላይ ነው።"

ፀጉር ሠሪዋ ከቦታዋ አልተነቃነቀችም።

"መጽሐፉ ግን እንዲህ አይልም" አለችው።